መጽሐፍ በእልልታ የተመለሰበት እሁድ

ስናደድ አፌ ከልቤ የሚቀድም ሴት ነኝ። እናቴ እብናት ሆና የቤተ መጻሕፍት ሥራ መያዜን ስትሰማ፣ «አንችን? እዚያ እኮ ዝም ይባላል!» ብላ እስኪያማት ስቃለች። እውነቷን ነው። በሕይወቴ ዝም ያልኩት ስተኛ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን እህቴ ትጠራጠራለች።

ይህን የማጫውታችሁ ነገር የደረሰብኝ ደብረ ታቦር ላይ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ነው። ኃላፊ ስላችሁ የማዝዘው ሠራዊት የነበረኝ እንዳይመስላችሁ። እኔና ዘበኛው ብቻ ነበርን። ሞባይል ስልክ ገና ወደ ከተማችን የገባበት፣ ሰው ስልክ ሲያነሳ ጎረቤት ከተማ ገሳይ ድረስ በባዶ ጉሮሮው የሚጣራ እስኪመስል የሚጮህበት ጊዜ ነበር።

ስለ ዘበኛው አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሳቸው ላይ ነው። ጋሽ ምናለ ይባላሉ። ወታደር ነበሩ። ኮታቸው ሁልጊዜ የተቆለፈ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው። ድምፃቸው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ጋሽ ምናለ በራችን ላይ ሲያስነጥሱ መናኸሪያ ያለው ረዳት «ይማርዎ!» ይላል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ይህን ድምፅ ደግሞ ለሥራቸው ሰጥተውታል። መጽሐፍ ወስዶ ቀኑ ያለፈበት ሰው ካገኙ ቦታ አይመርጡም። ገበያ መሐል ይሁን፣ ሠርግ ቤት ይሁን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ይሁን፣ «አንቱ ሰውዬ! የመንግሥት መጽሐፍ የታለ?» ይላሉ። ያ ሁሉ ሕዝብ ዘወር ብሎ ያያል። እንዲህ እንዲያደርጉ ያዘዟቸው ከእኔ በፊት የነበሩት ኃላፊ ናቸው፤ እሳቸውም እንደ ወታደር ትእዛዙን አንድም ቀን አላጓደሉም።

እንዲህ እየተጠበቀም ቤተ መጻሕፍታችን ባዶ ነበር። መደርደሪያው ጥርሱን እንዳወለቀ ሽማግሌ አልፎ አልፎ ነው መጽሐፍ የሚታይበት። የሚነበብ ስለሌለ አንባቢ አይመጣም። አንባቢ ስለሌለ አዲስ መጽሐፍ የሚገዛልን የለም። እኔ ጠዋት ከፍቼ አቧራ እጠርጋለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ።

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ አለቃዬ አቶ ጌትነት አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። መጥፎ ነገር ሲናገሩ ግን የሰው ፊት ማየት አይሆንላቸውም፤ መስኮቱን ነው የሚያዩት። ገና ስገባ መስኮቱን ሲያዩ ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ገባኝ።

«ጥሩወርቅ፣ ሰኞ ጠዋት ኮሚቴ ይመጣል። አዳራሹ ለማዳበሪያ መጋዘን ተፈልጓል።»

«የትኛው አዳራሽ?»

«ያንች ነዋ።»

«መጽሐፉስ?»

«የቱ መጽሐፍ?» አሉና ደንግጠው ዞር ብለው አዩኝ፤ እንደዚያ ሊሉኝ አልፈለጉም ነበር። «አየሽ፣ እኔም አዝናለሁ። ግን ኮሚቴው ባዶ መደርደሪያና ባዶ ወንበር አይቶ ምን ይበል? አንች መዝገብ ቤት ትመደቢያለሽ። ደመወዝሽ አይነካም።»

መዝገብ ቤት! ፋይል ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እያመላለስኩ ላረጅ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ ያልሆነ መጽሐፍ ተውሼ ያነበብኩት በዚያው አዳራሽ ነው። እንግዳ ሆኜ ከእብናት መጥቼ አክስቴ ቤት ስቀመጥ፣ ከእኩዮቼ ተግባብቼ መጫወት ሲያቅተኝ፣ የተጠጋሁት እዚያ ነበር። አሁን ማዳበሪያ ሊከመርበት!

«እስከ ሰኞ ግን የኔ ነው» አልኩ።

«እስከ ሰኞማ ያንችው ነው» አሉ፣ እንደገና መስኮቱን እያዩ።

ያን ቀን መንገድ ላይ ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ የተቆጣሁት ይመስለኛል።

አርብ ጠዋት ወደ መምህር ደምሴ ቤት ሄድኩ። መምህር ደምሴ የከተማውን ግማሽ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ቤተ መጻሕፍታችንን ሁለተኛ ቤታቸው ያደረጉ ሰው ነበሩ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ጠረጴዛ የእሳቸው ነበረች። እሳቸው ሲቀመጡ ተማሪው ይከባቸዋል፣ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸውም መጽሐፍ አምጡ ይላሉ፣ ያነበንባሉ። ድንገት ነው የቀሩት። ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» አለ፤ እኔም አመንኩ። እሳቸው ሄደው ለኮሚቴው አንድ ቃል ቢናገሩልኝ ማንም እምቢ አይላቸውም ብዬ ነው የሄድኩት።

በሩን ሳንኳኳ ልጃቸው ወጣች።

«የሉም» አለችኝ።

ከዘራቸው ደጃፉ ላይ ተደግፏል። መምህር ደምሴ ያለ ከዘራ ከቤት አይወጡም፤ ይህን ደብረ ታቦር ያለ ውሻ ሁሉ ያውቃል።

«ከዘራው ብቻውን ነው የመጣው?» አልኳት።

ልጅቱ ሳቋን መያዝ ሲያቅታት ከውስጥ የጉሮሮ መጥረግ ድምፅ ተሰማ። «ግቢ፣ ግቢ። አንች ደግሞ ድሮም ተማሪ ሆነሽ እንዲህ ነበርሽ» አሉ መምህር ደምሴ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ብቅ ብለው። «ብቻሽን ነሽ? ያ ሰውዬ አብሮሽ አልመጣም?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ምናለ ነዋ!»

መምህር ደምሴን የመሰለ ሰው፣ ሲያልፍ ባለ ሱቁ ሁሉ ከወንበሩ ብድግ የሚልለት ሰው፣ ገዛ ቤቱ ውስጥ ተደብቋል። ሣጥኑን ከፈቱና በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ሲገልጡት መጽሐፍ ነው። ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ፣ የእኛ ማኅተም ያለበት።

«ባለቤቴ የታመመች ጊዜ ነው የወሰድኩት» አሉኝ። «ጎንደር ሆስፒታል ስንመላለስ ቀኑ አለፈ። እሷ ተሻላት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለምስጋና ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ከሰው ጋር ሰላም ስባባል... ያ ድምፅ! ‹መምህር ደምሴ! የመንግሥት መጽሐፍ የታለ?› አለ። ያስተማርኳቸው ልጆች ከነልጆቻቸው ቆመው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ከዚያ ወዲህ ልመልሰው እነሳለሁ፤ በሩ ላይ እሱ አለ። ነገ እላለሁ። ነገ ሲሆን ይብስ ዘግይቷል። ይብስ ሲዘገይ ይብስ አፍራለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ።»

ከዚያ መጽሐፉን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «በቦርሳሽ ይዘሽልኝ ሂጂ። ማንም ሳያይ አስቀምጭልኝ። ውለታሽን አልረሳም።»

እጄን ዘርግቼ ነበር። ልክ ልነካው ስል አንድ ነገር ያዘኝ። መጽሐፉን ብወስድ መደርደሪያዬ ላይ አንድ መጽሐፍ ይጨመራል፤ እሳቸው ግን በዚያ በር ዳግመኛ አይገቡም።

«አልወስድም» አልኩ።

«ምነው?»

«ራስዎ ይዘውት ይምጡ። እሁድ።»

«አብደሻል?» አሉኝ። ምን እንደማደርግ እኔም አላውቅም ነበር፤ እንደ ልማዴ አፌ ቀድሞኝ ነው።

ስመለስ በገበያው በኩል አለፍኩ። ያን ቀን ነው ዓይኔ የተከፈተው። በርበሬ የምትሸጠው እትዬ ዘውዴ ስታየኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ልብስ ሰፊው ሰላምታዬን ሳይመልስ የስፌት መኪናው ሥር የወደቀ መርፌ መፈለግ ጀመረ። አንድ የጤና ረዳት እኔን ሲያይ መንገድ ተሻገረ። ከዚህ በፊት የሚንቁኝ፣ ወይ ደግሞ ምላሴን የሚፈሩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁሉም ቤት በነጠላ የተጠቀለለ አንድ አንድ መጽሐፍ አለ!

ቤተ መጻሕፍቱ ገብቼ ጠመኔ አነሳሁ። ከዚያ በፊት ባሕር ዳር ሥልጠና ተልኬ ነበር። አሠልጣኙ ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ክብና ቀስት ሲስል ይውላል። «ሲስተም» ይላል። ዛሬ ባንክ ስትሄዱ «ሲስተም የለም» የሚሏችሁን አይደለም፤ ነገሮች እርስ በርስ እንዴት እንደሚጎተቱ ማለቱ ነው። «ቤተ መጻሕፍት ማለት መደርደሪያው አይደለም» ይል ነበር። «መጽሐፉ፣ አንባቢው፣ በሩ፣ ዘበኛው፣ በጀቱ፣ ሁሉም ተያይዟል። አንዱን ብቻ ነጥለህ ብታጠነክረው ሌላው ሊሰበር ይችላል። ምን ምንን እንደሚያመጣ ቀስት እየሳልክ ተከተል። ቀስቱ ዞሮ ወደ ተነሳበት ከመጣ፣ ነገርህ እዚያ ነው።» እኔ ያን ጊዜ ምሳ ላይ ስለምበላው ዓሣ ነበር የማስበው።

አሁን ግን ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ሳልኩ። ሰው ይዘገያል። ጋሽ ምናለ ይጮኻሉ። ሰውየው ያፍራል። ያፈረ ሰው በራችን አይደርስም። ስለማይደርስ ይብስ ይዘገያል። ይብስ ሲዘገይ ጋሽ ምናለ ይብስ ይጮኻሉ። ቀስቱ ዞሮ መጣ! ከዚያው ክብ ሌላ ቀስት ወጣ፤ መጽሐፍ ስለሌለ አንባቢ ይቀራል፣ አንባቢ ስለቀረ መጽሐፍ አይገዛም። እኔ ማስታወቂያ ስለጥፍ፣ አቧራ ስጠርግ፣ መጽሐፍ ይገዛልን ብዬ ስለምን ከርሜያለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ጥላ ወደቀብኝ። ቀና ስል ጋሽ ምናለ ቆመዋል።

«ወለል ላይ የሚጻፈው ምንድነው? ጥንቆላ ጀመርሽ እንዴ?»

«ጋሽ ምናለ፣ ይቀመጡ እስኪ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እኔ ማለዘብ አላውቅበትም። «ሥራዎን አንድ ቀን እንኳ አጓድለው አያውቁም» አልኳቸው። «ይህ ቤት ባዶ የሆነው እርስዎ ጎበዝ ስለሆኑ ነው።»

መምህር ደምሴ የነገሩኝን ነገርኳቸው። ቆባቸውን አወለቁ። በሥራ ሰዓት ቆባቸውን ሲያወልቁ አይቼ አላውቅም። ደጋግመው አጠፉት፣ ዘረጉት።

«ወለላዬን መምህር ደምሴ ናቸው ያስተማሯት» አሉ በመጨረሻ። ወለላ ልጃቸው ናት። «እሳቸውን ላዋርድ ብዬ ነው? ንብረት ልጠብቅ ብዬ እኮ ነው! ሌባ አላስገባሁ፣ ገጽ አላስቀደድኩ!»

«አውቃለሁ። ግን ሁለት በሬ ጠምደው አንደኛው ብቻ ቢበረታ ፈሩ ይጠምማል እንጅ መሬቱ ይታረሳል?»

ቆባቸውን ማጣጠፋቸውን ተዉ። ገበሬ ያሳደጋቸው ሰው ናቸው፤ በሬ ካነሱባቸው ክርክር የለም።

«እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ። «ምን ላድርግ? ካሁን ወዲያ ዝም ልበል?»

በዚያች ደቂቃ ነው የመጣልኝ። ባለፈው አንድ ሠርግ ላይ ጋሽ ምናለ ያደረጉት ትዝ አለኝ። ሠርግ ቤት ስጦታ የሚጠራው ሰው ድምፁ ሲዘጋ ጋሽ ምናለ ተነስተው፣ «እገሌ ይህን አመጣ! ከነቤተሰቡ ይባረክ!» ሲሉ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ ስጦታ ያልያዘው ሰው ሁሉ ቤቱ ሮጦ እንዲያመጣ ያደረጉ እሳቸው ናቸው።

«ዝም እንዳይሉ!» አልኳቸው። «ይጩኹ! ሰው ሲዘገይ ሳይሆን ሲመጣ ይጩኹ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ድግስ አለን። መጽሐፍ ይዞ የመጣ ሁሉ እንደ ሠርግ ስጦታ ይጠራል። ለምን ዘገየህ የሚል የለም። ቅጣት የለም።»

ጋሽ ምናለ ወለሉ ላይ ያለውን ክብ ለረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቆባቸውን አድርገው ወጡ። በጄ አላሉ፣ እምቢ አላሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ሞልቶ ሳለ የሰማሁት ድምፅ መልሱ ነበር።

«ሰማህ ገበያተኛ! አልሰማሁም እንዳትል! ነገ ቤተ መጻሕፍት ድግስ ነው! መጽሐፍ ይዞ የመጣ የክብር እንግዳ ነው! የዘገየ ይቀደማል! ይበልጥ የዘገየ ይበልጥ ይከበራል!»

የመጨረሻውን እኔ አላልኩም፤ ከራሳቸው ጨምረው ነው። ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ነገር ግን ሳቁ ውስጥ ጥርጣሬ ነበረበት። «ወጥመድ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። «መጽሐፍ ይዘህ ስትሄድ ፖሊስ ይጠብቅሃል» አለ አንዱ የጤፍ ነጋዴ። አንዲት ሴት ደግሞ፣ «ምናለ ደግ የሆነው ታሞ እንዳይሆን» ብላ ከልቧ አዘነች።

ምሳ ሰዓት ላይ አቶ ጌትነት ከቢሯቸው እኔ ወዳለሁበት ገበያ መጡ። «የመንግሥት ንብረት ደብቆ የከረመን ሰው በእልልታ ልትቀበይ ነው? ነገ ሕዝቡ ምን ይማራል?»

«መመለስን ይማራል» አልኳቸው። «እርስዎስ? እርስዎ ጋ ያለው መጽሐፍ መቼ ነው የሚመጣው?»

እመኑኝ፣ ዝም ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ስለ እሳቸው ምንም አላውቅም ነበር። አቶ ጌትነት ግን ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። መስኮት ፈለጉ፤ ገበያ መሐል መስኮት የለም። ምንም ሳይሉኝ ሄዱ።

እሁድ መጣ። የሠፈሬ ሴቶች ዳቦና ጠላ አምጥተው ግቢውን ሠርግ ቤት አስመሰሉት። አክስቴ ከበሮ ይዛ መጣች። ጋሽ ምናለ ጫማቸውን ከወትሮው አብልጠው ወልውለው በሩ ላይ ቆሙ። ቅዳሴ ወጣ። ሰው ነጭ በነጭ ሆኖ በመንገዱ ላይ ይፈሳል። ወደ እኛ በር ሲደርስ ሁሉም ፊቱን ያዞራል። አንድም ሰው አልገባም።

ጠላው አረፋው ወረደ። አክስቴ ከበሮዋን መሬት አስቀመጠች። ማዳበሪያው አዳራሼ ውስጥ ሲከመር ታየኝ፤ እንባዬ መጣና አቧራ የገባብኝ መስዬ ዞርኩ።

«ኧረ ወዲያ! እኔ ይኸው መጣሁ!» አለ አንድ የሴት ድምፅ።

እትዬ ዘውዴ ናት፣ በርበሬ ሻጯ። ከነጠላዋ ሥር ስለ ሕፃናት አመጋገብ የተጻፈ መጽሐፍ አወጣች። «ልጄን ገና ምግብ ሳስጀምረው ነበር የወሰድኩት» አለች። «አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። የምታስሩኝ ከሆነ እሰሩኝ!»

ጋሽ ምናለ አየር ሳቡ። ደረታቸው ሲነፋ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ወይዘሮ ዘውዴ መጽሐፍ አመጡ!» አሉ። «ልጃቸውን ያሳደጉበትን! ለሌላ እናት ይሁን ብለው! ከነልጃቸው ይባረኩ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። አክስቴ ከበሮዋን አነሳች። እትዬ ዘውዴ እታሰራለሁ ብላ ጭንቅ ብሏት መጥታ፣ እልልታው ሲቀልጥ ግራ ገብቷት ቆየችና፣ ራሷም እልል አለች። ከዚያ ዳቦ ጎረሰችና በሩ ላይ ቆማ ጮኸች፦ «አንተ ልብስ ሰፊ! ምን ትጠብቃለህ? እውነት ነው!»

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ። ልብስ ሰፊው መጣ። የጤና ረዳቱ መጣ። «የሟች አባቴ ነው» ብሎ ያመጣ አለ፤ ከሳር ቤት ጣሪያ ሥር አውጥቶ ያመጣ አለ። ከገሳይ በመኪና የመጣ ሰው ደግሞ የእኛ ያልሆነ መጽሐፍ ይዞ መጥቶ፣ «ስጦታ ነው፤ የኔንም ስም ጥሩልኝ እንጅ» አለ። ጋሽ ምናለም አልሳሱበትም። መጽሐፉ የረጠበ፣ ሽፋኑ የወለቀ፣ በርበሬ በርበሬ የሚሸት ነበር፤ መደርደሪያው ግን ጥርስ እያበቀለ ሄደ። አቶ ጌትነት እንኳ ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው መጡ። ጋሽ ምናለ ስማቸውን ሲጠሩ መስኮት አልፈለጉም፤ እየሳቁ ነበር።

ትንሽ ቆይተው ግን ጠጋ አሉኝ። «መጽሐፉስ መጣ፣ ጥሩወርቅ። ነገ ኮሚቴው አንባቢ የታለ ቢልሽ? እነዚህ ነገ ወደ ሥራቸው ነው የሚሄዱት።»

ልክ ነበሩ። እኔ ቀኑን ሙሉ በሩን በሩን የማየው ለዚህ ነበር። መምህር ደምሴ አልመጡም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሴቶቹም ዕቃ መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። መምህር ደምሴ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው በግራና በቀኝ ሆነው፣ መጽሐፉን በነጠላው እንደጠቀለሉት በሩ ላይ ቆሙ። ሴቶቹ ዕቃ መሰብሰቡን ተዉት። ሁሉም ያን የቤተ ክርስቲያን ቀን ያውቃል። ሁሉም ወደ ጋሽ ምናለ አየ።

ጋሽ ምናለ አየር ሳቡ። አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ የለም! ሌላ አየር ሳቡ። መናኸሪያ ድረስ የሚሰማው ድምፅ ጠፋ። ቆባቸውን አውልቀው የመምህር ደምሴን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። መምህር ደምሴ በክንዳቸው ይዘው ቀና አደረጓቸው።

«ምነው ምናለ፣ ስሜን ረሳኸው?» አሉ። «ያን ጊዜ እንኳ አልጠፋህም ነበር።»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ጋሽ ምናለ ሲስቁ እንባቸው ወረደ፤ ከእንባው ጋር ድምፃቸው ተመለሰ።

«መምህር ደምሴ መጡ!» አሉ። እንደዚያ ያለ ጩኸት በሕይወቴ አልሰማሁም። «መምህራችን መጡ! መጽሐፍ ቢያመጡም ባያመጡም መጡ! እልል በሉ!»

እልልታው መንገድ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ጎተተው። መምህር ደምሴ መጽሐፉን ከነጠላው ፈትተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ተቀብዬ፣ ቀኑን አይቼ፣ መደርደሪያው ላይ ላኖረው ስል ከዘራቸው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ቆይ እንጅ ልጀ» አሉኝ። «መዝግቢልኝና መልሰሽ አውሽኝ። ሣጥን ውስጥ እየከተትኩ ሳፍርበት፣ ይኸው አንድ ገጽ አላነበብኩም።»

በማግስቱ ኮሚቴው ሲመጣ የሚቀመጥበት ወንበር አጣ። መምህር ደምሴ በመስኮቱ አጠገብ ንብ ስለማርባት እያነበነቡ፣ ልጆች ከበዋቸው፣ ትናንት መጽሐፍ የመለሱትም «ሌላ ስጭኝ» ብለው ተሰልፈው ነበር። ኮሚቴው ቆሞ ተመካከረና ማዳበሪያው ሌላ ቦታ ተፈለገለት። እኔም መዝገብ ቤት አልሄድኩም፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ።

ያ እሁድ የለወጠው ሥራዬን ብቻ አይደለም። ድሮ አንድ ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛው ማን ነው ብዬ ነበር የምነሳው፣ ከዚያ አፌን እከፍትበታለሁ። ዛሬ መጀመሪያ ጠመኔ ነው የማነሳው። ከእህቴ ጋር ስንጣላ ሳይቀር፣ እኔ ስናገር እሷ ትዘጋኛለች፣ ስትዘጋኝ እኔ ይብስ እናገራለሁ፣ ብዬ ክብ ስዬላት ሁለታችንም ስቀን ታርቀናል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ሥሩ ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራውን አጥብቆ የያዘ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ደግነቱን ወደየት አቅጣጫ እንደምናዞረው ነው ጉዳዩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ቤታችሁ ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር የለም? መጽሐፍ ላይሆን ይችላል። ያልተደወለለት ወንድም፣ ያልተጠየቀ ጓደኛ፣ ዘግይቼ ምን ፊት ይዤ ብላችሁ የተዋችሁት ነገር። ተነሱና ሂዱ። እናንተ ደግሞ በር ላይ የምትቆሙት ከሆናችሁ፣ ሰውየው ሲመጣ ስሙን በደስታ ጥሩት።

ጋሽ ምናለ ጡረታ ወጥተዋል፤ ግን በየጠዋቱ ይመጣሉ። ያው ኮት፣ ያው የተወለወለ ጫማ። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ይዞኝ አርፍጄ ስደርስ አንባቢው በሩ ላይ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። እሳቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው አየር ሳቡ።

«ጥሩወርቅ መጣች!» አሉ። «ዘግይታ መጣች! እልል በሉ!»